በኦፕሬሽን ወልጄ ነበር፣ ወገቤም ተጎድቷል፤ አሁን በምጥ ልውለድ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በቅድመ ወሊድ ክትትል ከማገኛቸው እናቶች ውስጥ አብዝቼ የማስብላቸው አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸውን በኦፕሬሽን ወልደዋል። ወገባቸው ተጎድቷል። አሁን ደግሞ አርግዘዋል። አንዷ ሃያ ሊትር ጄሪካን ስታነሳ ዲስኳ ተንሸራቷል። ሌላዋ የመኪና አደጋ ደርሶባት አከርካሪዋ ላይ ብረት ገብቶላታል።

ማህፀኗን የሚያውቀው ሐኪም አንድ ነው፣ ወገቧን የሚያውቀው ሌላ። ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። እሷ መሃል ቆማ ከጎረቤት የሰማችውን ይዛ ትጨነቃለች። እነዚህ ጥያቄዎች እንዲህ ካሉ እናቶች አፍ የሰማኋቸው ናቸው። መልሶቼ ሐኪምሽን አይተኩም። ሐኪምሽ ፊት ስትቀመጪ ምን እንደምትጠይቂ ግን ይነግሩሻል።

ወገቤ ከተጎዳ በምጥ መውለድ አልችልም ማለት ነው?

አይደለም። የተንሸራተተ ዲስክ፣ የቆየ የወገብ ሕመም፣ ድኖ የከረመ ስብራት፣ ብቻውን ኦፕሬሽንን የግድ አያደርግም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ እናቶች ማንም ሳይመረምራቸው ራሳቸው ላይ ፈርደው ስለሚመጡ ነው።

ጥያቄውን ለሁለት ክፈይው። አንደኛ፣ ማህፀኔ ላይ ያለው ጠባሳ ምጥ ይችላል ወይ? ይህን የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ይመልሰው። ሁለተኛ፣ ወገቤ ምጥ ይችላል ወይ? ይህን የአጥንት ወይም የነርቭ ሐኪምሽ ይመልሰው፤ መልሱንም በወረቀት ይጻፍልሽ። «ምንም ችግር የለውም» ብሎ በቃል የሚሸኝሽ ከሆነ አንድ መስመር እንዲጽፍ ለምኚው። ማዋለጃ ክፍል ስትገቢ እሱ አጠገብሽ የለም፤ ወረቀቱ ግን ይኖራል።

ወገቡ ራሱ ውሳኔውን የሚለውጥበት ጊዜም አለ። እግርሽ ከቀን ወደ ቀን እየሰነፈ ከሄደ፣ ስብራቱ ገና ካልጠና፣ ወይም የዳሌ አጥንትሽ ተሰብሮ ቅርጹ ከተለወጠ ነገሩ ሌላ ነው። ህብለ ሰረሰሯ ተጎድቶ በዊልቸር የምትሄድ እናትም በምጥ ልትወልድ ትችላለች። እግር ባይታዘዝም ማህፀን ይኮማተራል። ግን ምጡ ሲጀምር ላይሰማት ይችላል። ጉዳቱ ከደረት መሃል ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ ምጥ የደም ግፊቷን በድንገት ሊያሰቅለው ይችላል። ስለዚህ እሷ ገና ከጅምሩ ትልቅ ሆስፒታል መከታተል አለባት።

«አንዴ በኦፕሬሽን የወለደች ሁሌም በኦፕሬሽን» ይባል የለ?

ይባላል። አባባሉን የጀመረው ኤድዊን ክሬጊን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ነው፤ በ1916 እ.ኤ.አ.። ያኔ ማህፀን የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች፣ በወፍራሙ ጡንቻ በኩል ነበር። እንዲህ ያለ ጠባሳ በሚቀጥለው ምጥ ሊተረተር ይችላል። ዛሬ አብዛኛው ኦፕሬሽን የሚሠራው በማህፀን የታችኛው ስስ ክፍል ላይ በአግድም ነው። ይህኛው ምጥን በደንብ ይሸከማል። ሕክምናው ተለውጦ አባባሉ ብቻ ቀረ።

ስንቶቹ ይሳካላቸዋል? አደጋውስ ምን ያህል ነው?

አንድ ጊዜ በአግድም ተቀድደው ከነበሩና ምጥ ከሞከሩ 100 ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ከኦፕሬሽኑ በፊት ወይም በኋላ በምጥ ወልደሽ የምታውቂ ከሆነ ዕድልሽ ከዚህም ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ኦፕሬሽን የተሠራው ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ ከሆነም ጥሩ ነው፤ ያ ምክንያት አሁን ላይኖር ይችላል። «ምጡ አልገፋ ብሎ» ከነበረ ዕድሉ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ልጁ ከ4 ኪሎ በላይ ነው ተብሎ ከተገመተም እንዲሁ።

የምንፈራው የማህፀን መተርተርን ነው። በአግድም ለተቀደደች ሴት ከ200 አንዷን ገደማ ያጋጥማል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሲደርስ ግን የእናትም የልጅም ሕይወት በደቂቃዎች ውስጥ ነው ያለው። ከላይ ወደ ታች ለተቀደደች፣ ወይም ማህፀኗ ከዚህ በፊት ለተተረተረ ሴት ምጥ አይመከርም። በሁለቱ ልጆች ልደት መካከል ከ18 ወር ያነሰ ጊዜ ከሆነም ስጋቱ ይጨምራል።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። ምጥ ተሞክሮ በመሃል ወደ ኦፕሬሽን መግባት በቀጠሮ ከሚሠራ ኦፕሬሽን ይከብዳል። ደም መፍሰሱም ኢንፌክሽኑም ይበዛል። በሌላ በኩል ኦፕሬሽን በተደጋገመ ቁጥር በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረት አደጋው ይጨምራል። አራት ልጅ የምትመኚ ከሆነ ይህን ከአሁኑ አስቢበት። ሁለት ይበቃኛል የምትል ሴት ሚዛኗ ሌላ ነው።

ሆዴ ላይ ያለው ጠባሳ ቁልቁል ነው። ማህፀኔም እንደዚያ ተቀድዷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ቆዳው ቁልቁል ተቀድዶ ማህፀኑ በአግድም ሊቀደድ ይችላል። እኛ ዘንድ ይህ ብዙ ያጋጥማል። ተቃራኒውም አለ። ስለዚህ በመስታወት አይተሽ አትወስኚ። እውነቱ ያለው የኦፕሬሽኑ ማስታወሻ ላይ ነው። የወለድሽበት ሆስፒታል ሄደሽ የካርድ ቁጥርሽን ንገሪያቸውና ስለ ኦፕሬሽኑ የሚገልጽ ወረቀት ጠይቂ። ይህን በስድስተኛው ወር አድርጊው። በዘጠነኛው ወር የመዝገብ ቤት ወረፋ አይያዝም።

ወረቀቱ ከጠፋስ?

ወረቀት ጠፋ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሐኪሙ ታሪክሽን ይጠይቃል። ጊዜውን ጠብቆ፣ በጭንቅላቱ የመጣ ልጅ በምጥ መሃል በኦፕሬሽን ከወለድሽ አግድም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ልጁ ገና በሰባተኛ ወር አካባቢ ተወልዶ ከሆነ ወይም ተጋድሞ ከነበረ ግን ቁልቁል ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። እናትሽ ወይም ባልሽ ያን ቀን ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ያስታውሱ እንደሆነ ጠይቂያቸው። «ሁለተኛ ምጥ እንዳትሞክር» ተብለው ከነበረ ያ ትልቅ መረጃ ነው።

ወገቤ ምጡን እንዴት ይችለዋል? በምን አኳኋን ነው የምወልደው?

ወገብን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ምጡ አይደለም፣ አኳኋኑ ነው። በጀርባ ተንጋልሎ፣ እግር መስቀያው ላይ ተሰቅሎ፣ ሁለት ሰው ጉልበትን ወደ ደረት እየገፋ ለረጅም ሰዓት መግፋት የተጎዳ ዲስክን ያስጨንቀዋል። በጣም ቁጢጥ ብሎ መቀመጥም እንደዚያው።

የሚሻለው በግራ ጎን ተኝቶ፣ በጉልበቶች መሃል ትራስ አድርጎ ነው። በእጅና በጉልበት መንበርከክም ብዙዎችን ያሳርፋል። ቆሞ አልጋ ወይም ባል ላይ መደገፍም ይቻላል። አያቶቻችን ተንበርክከው ሲወልዱ ኖረዋል፤ ነውር አይደለም፣ አዲስም አይደለም። በመግፋት ጊዜ ትንፋሽን አፍኖ ረጅም መግፋት ይቅር። ሰውነትሽ ግፊ ሲልሽ አጠር አጠር አድርገሽ ግፊ። ጉልበት ካጠረሽ ሐኪሙ የልጁን ጭንቅላት ይዞ በሚስብ መሣሪያ (ቫኪዩም) ሊያግዝሽ ይችላል።

ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ወገቧ ወይም ዳሌዋ ከተጎዳ እናት ጋር አንድ ነገር እሠራለሁ። አልጋው ላይ ትጋደማለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ ከዚያ ሳያማት እስከቻለችው ድረስ እግሮቿን ቀስ ብላ ትከፍታለች። ባለፈው አንዷ «እዚህ ጋ፣ ከዚህ በላይ አይሆንም» ስትለኝ የሆዷን ከፍታ የለካሁበትን ሜትር በሁለቱ ጉልበቶቿ መካከል ዘረጋሁት። 41 ሴንቲ ሜትር ነበር። ካርዷ ላይ በቀይ ጻፍኩት። በምጥ ሙቀት ውስጥ፣ በተለይ የማደንዘዣ መድኃኒት ከተሰጣት፣ ሕመሙ «ይብቃ» ብሎ አያስጠነቅቃትም። ቁጥሩ ያስጠነቅቃል። ያ ቀን ተረኛ ሆኜ ባልገኝ እንኳ ካርዱን ያነበበች አዋላጅ እግሯን ከዚያ በላይ አትከፍተውም። አንቺም አዋላጅሽን ለኪልኝ በያት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ምጡ ሲጀምር ከወገብ ሕመሜ በምን እለየዋለሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ምጥን ራሱን «ወገቤን ያዘኝ» ነው የምንለው። ሁልጊዜ ወገቧን የሚያማት ሴት ዛሬም ያው ነው ብላ ቤቷ ልትቆይ ትችላለች።

እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። ወገብሽን በያዘሽ ቁጥር ሆድሽ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከዚያ ከለሰለሰ ምጥ ነው። ሰዓት ያዢ። የዲስክ ሕመም ጎንሽን ስታዞሪ ይለወጣል፣ አንዳንዴ ወደ አንድ እግር ይወርዳል፣ ሆድን ግን አያጠነክርም። ጠባሳ ያለባት ሴት «ምጡ ይግፋ» ብላ ቤት አትጠብቅ። ገና እንደጀመረ ትምጣ።

የወገብ መርፌ ወስጄ ነበር። ወገቤን ያበላሸው እሱ አይደለም?

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ለብዙዎቻችን የኦፕሬሽን ትዝታ ያ መርፌ ነው። ሕመምሽን አላቃልልም። መርፌው የገባበት ቦታ ለቀናት ሊያም ይችላል። ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚተው ከባድ ራስ ምታትም ሊያመጣ ይችላል፤ እሱም ሕክምና አለው። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመምን በተመለከተ ግን በምጥ ጊዜ የወገብ ማደንዘዣ የወሰዱና ያልወሰዱ እናቶች ሲነጻጸሩ ልዩነት አልተገኘም። እርግዝናው ራሱ ጅማትን ያላላል። ከወሊድ በኋላ ማጎንበሱ፣ ማጥባቱ፣ መሸከሙ አለ።

ታዲያ አሁን መርፌውን ወይም ኤፒዱራል (በወገብ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጥ የምጥ ማደንዘዣ) መውሰድ እችላለሁ?

አብዛኛዎቹ የዲስክ ታማሚዎች ይችላሉ። በፊት በኦፕሬሽን መውለድሽም ኤፒዱራልን አይከለክልም። አከርካሪያቸው ላይ ብረት የገባላቸው እናቶች ጉዳይ ጠንቀቅ ይፈልጋል። መርፌው የሚገባበት ክፍተት ላይገኝ ይችላል፣ መድኃኒቱም እኩል ሳይሰራጭ አንድ ጎን ብቻ ሊደነዝዝ ይችላል።

ስለዚህ ከመውለድሽ በፊት የሰመመን ባለሙያ ይይሽ። በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን ለምጥ ኤፒዱራል እንደ ልብ አይገኝም፤ «እሱ ከሌለ ለምን አየዋለሁ?» ትይ ይሆናል። ድንገት ኦፕሬሽን ካስፈለገ ባለሙያው ወገብሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንቺ በምጥ እየተወራጨሽ እንዲያይ አልፈልግም። ፊልምሽንና የአከርካሪ ኦፕሬሽንሽን ወረቀት በስምንተኛው ወር ይየው። መርፌው የማይቻል ከሆነ ሙሉ ሰመመን እንደሚሰጥ ካርድሽ ላይ ይጻፍ።

ኦፕሬሽን ለወገቤ አይሻለውም? ምጥ የለ፣ መግፋት የለ።

የዚያ ሰዓት ድካም ይቀርልሻል፣ እውነት ነው። ቀጥሎ ያሉትን ሳምንታት ግን ቁጠሪያቸው። ሆድሽ ተቀድዷል። የሆድ ጡንቻ ወገብን ደግፎ የሚያቆም ነው፤ እሱ ሲደክም ሸክሙ ወደ ወገብ ይዞራል። ከአልጋ መነሳት፣ ልጅ ማንሳት፣ ሽንት ቤት መቀመጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሁለት በኩል ያማል። በምጥ የወለደች እናት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ተነስታ ትሄዳለች፣ መሄድ ደግሞ ለዲስክ ጥሩ ነው።

እንዲያም ሆኖ በቀጠሮ ኦፕሬሽን የምትመርጥ እናት ተሳስታለች አልልም። ቀዝቀዝ ባለ ቀን፣ ወገቧን የሚያውቅ የሰመመን ባለሙያ ባለበት፣ ተዘጋጅታ መግባቷ የሚያሳርፋት ሴት አለች። ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ 39ኛው ሳምንት ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚወለድ ልጅ ለመተንፈስ ሊቸገር ስለሚችል፣ ያለ በቂ ምክንያት አይቸኮልም።

እስከዚያው ሕመሙን በምን ላስታግሰው?

ዲክሎፌናክ አትውሰጂ። ክኒኑንም መርፌውንም። ወገብ ሲያም ፋርማሲ ሄዶ ዲክሎፌናክ መወጋት ለምደናል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የልጁን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ የልጁ ልብ አጠገብ ያለን የደም ሥር ያለጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ሐኪም ባዘዘልሽ መጠን ይሻላል። ሞቅ ያለ ፎጣ፣ በጎን መተኛት፣ ፊዚዮቴራፒ ካገኘሽ እሱም።

ወጌሻ ጋ ሄዶ ወገብ ማስመታትም በእርግዝና ይቅር። ሆድ ማሳሸት ደግሞ፣ «ልጁን ላስተካክልልሽ» ቢሉሽም፣ ጠባሳ ላለበት ማህፀን አደገኛ ነው። የሚሉሽ ሰዎች እንደሚወዱሽ አውቃለሁ። እጃቸውን ስመሽ እንቢ በያቸው።

ኤም አር አይ ካስፈለገሽ አትፍሪ፣ ጨረር የለውም። ቀለም መድኃኒቱ ብቻ ነው በእርግዝና የማይሰጠው።

የት ልውለድ?

ጤና ጣቢያ ተከታተይ፤ ለመውለድ ግን ኦፕሬሽን ክፍል፣ ደምና የሰመመን ባለሙያ ቀንም ሌሊትም ያለበት ሆስፒታል ግቢ። እቤት ፈጽሞ አይሆንም። ሰፈርሽ ሩቅ ከሆነ ቀንሽ ከመድረሱ በፊት ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ጋ እረፊ፣ ወይም የእናቶች ማቆያ እንዳለ ጠይቂ።

ምጡ በራሱ ቢመጣ ይመረጣል። በመድኃኒት ማስጀመር የመተርተር ስጋቱን ይጨምራል። ኦክሲቶሲን በጥንቃቄ ሊሰጥ ይችላል። ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ክኒን ግን በኦፕሬሽን ለወለደች ሴት ምጥ ማስጀመሪያ አይሆንም። «ክኒን እናስገባልሽ» ከተባልሽ «በኦፕሬሽን ወልጃለሁ» ብለሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ካርዱ ላይ አለ ብለሽ ዝም አትበይ።

ውጭ አገር ነው ያለሁት፣ የመጀመሪያው ኦፕሬሽን ግን ኢትዮጵያ ነው።

ወረቀቱን ቤተሰብ አስወጥቶ በስልክ ፎቶ ይላክልሽ። አንዳንድ ሆስፒታሎች ከኦፕሬሽን በኋላ ምጥ አያስተናግዱም፤ ገና በጊዜ ጠይቂና ካስፈለገ ቀይሪ። አሜሪካ ከሆንሽ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅሽን ወይም ባልሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። ስለ ወገብሽና ስለ ሰውነትሽ በእነሱ ፊት የማትናገሪው ነገር አለ።

ባሌ ኦፕሬሽን ይሁን ይላል፣ እናቴ ደግሞ በምጥ ውለጂ ትላለች።

ሁለቱም ፈርተው ነው። አንድ የክትትል ቀን ይዘሻቸው ነይ፣ ከሐኪሙ አፍ ይስሙ። የምትፈርሚው ግን አንቺ ነሽ። በምጥ እወልዳለሁ ብለሽ 38ኛው ሳምንት ላይ ሐሳብሽን ብትለውጪም መብትሽ ነው። ምጥ መሃል ላይ «በቃኝ፣ ኦፕሬሽን ይሁንልኝ» ብትዪም ማንም ሊቆጣሽ አይገባም።

የትኛው ምልክት ሲመጣ ነው ሰዓት የማይሰጠው?

ከማህፀን በኩል፦ ጠባሳው ላይ ድንገት የመቀደድ ዓይነት ሕመም ከመጣና በምጦቹ መሃልም ካልተወሽ፣ ደም ከፈሰሰሽ፣ ሲመጣ የነበረ ምጥ በድንገት ቀጥ ካለ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በፊት ብዙ ጊዜ የሚናገረው የልጁ የልብ ምት ነው። ለዚህ ነው ያለማቋረጥ የምናዳምጠው፣ ለዚህ ነው አትሰልቺብን የምንልሽ።

ከወገብ በኩል፦ ሽንት አልመጣ ካለሽ ወይም ሳታውቂው ካመለጠሽ፣ ኮርቻ ላይ ስትቀመጪ የሚነካው የሰውነትሽ ክፍል ከደነዘዘ፣ እግርሽ ከከዳሽ። ይህ በእርግዝናም በአራስነትም አስቸኳይ ነው። «ከወለድኩ በኋላ አየዋለሁ» አይባልም። ነርቭ ሲጨነቅ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚጎዳው።

ከወለድኩ በኋላስ?

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለሚል እንግዳ ሁሉ ብድግ አትበዪ። ተኝተሽ ተቀበዪ። ከአልጋ ስትነሺ በቀጥታ ቀና አትበዪ፤ መጀመሪያ በጎንሽ ተገልበጪ፣ እግርሽን አውርጂ፣ ከዚያ በክንድሽ ተደግፈሽ ተነሺ። ስታጠቢ ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ አንቺ ወደ ልጁ አታጎንብሺ፤ ጉያሽ ላይ ትራስ አስቀምጪ። በኦፕሬሽን ከወለድሽ ለስድስት ሳምንት ያህል ከልጅሽ የከበደ ነገር አታንሺ። ውሃ የሚቀዳ፣ ትልቁን ልጅ የሚያቅፍ ሰው ከአሁኑ ይታሰብ።

አንቀልባው ይቆይ። ጀርባ ላይ ከማዘል በፊት ወገብሽን ያየው ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይፍቀድልሽ። የልጁን መታጠቢያ ሳፋ መሬት ላይ አታስቀምጪው። ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ እናትሽ «ይወድቃል» ካለችሽ እሷ ትያዘው፣ አንቺ እጠቢው።